ባዶ የቀረው የማክሰኞ ገጽ

ሰኞ፦ ከዊልስደን እስከ ኦባን

ይህን ማስታወሻ መጀመሪያ የጻፍኩት ለአንድ ሰው ነበር። ሐዋሳ ለሚኖሩ፣ ዓይናቸው ለደከመ አንድ ጡረተኛ መምህር። የጓደኛዬ የሂሩት ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እሷ "ጋሼ" ትላቸዋለች፣ እኔም እሷን ተከትዬ ጋሼ መስፍን እላቸዋለሁ። አባቷ ከሞቱ በኋላ አሳድገው፣ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቋት እሳቸው ናቸው። በልጅነቷ ሐይቁ ላይ በጀልባ ይወስዷት ነበር። ውሃው ውስጥ ግን ጉማሬ አለ፣ ቢልሃርዚያ አለ እያሉ አንድም ቀን አላስገቧትም። ከጀልባው ጠርዝ አንገቷን አስግጋ "ጋሼ፣ ታች ምን አለ?" ስትላቸው "አድገሽ አይተሽ ትነግሪኛለሽ" ይሏት ነበር አሉ።

ሂሩት አደገች፣ ለንደን ገባች፣ ሼፈርድስ ቡሽ ተቀመጠች። በአርባ ስድስት ዓመቷ ዋና ተማረች። ሃምሳ ሲሞላት ደግሞ በስኮትላንድ ደሴቶች መካከል በትንሽ መርከብ የአምስት ቀን ጉዞ ቡክ አደረገች፤ የባሕር እንስሳትና ወፎች የሚታዩበት፣ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ውሃው ውስጥ እየተንሳፈፉ ታች ታቹን የሚያዩበት ጉዞ ነው። እኔን ለአጃቢነት ጎተተችኝ። እኔ ጽጌ ዋና አልችልም፣ ብርድ አልወድም፣ ጀልባ ያስታውከኛል። እሷ ግን አንዴ ካለች አለች ነው። "የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል። ያየነውን በየቀኑ ጻፊው፤ አስቴር ለጋሼ ታነብላቸዋለች" አለችኝ። አስቴር ከእሳቸው ጋር የምትኖረው ታናሽ እህቷ ናት።

ልንነሳ በነበርንበት ሰኞ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። (ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ኖሬም ሌላውን አልለመድኩትም።) አስቴር ነበረች። ድምፅዋን ስሰማ ገባኝ። ጋሼ መስፍን ሌሊቱን ዐርፈዋል፤ ቀብራቸው ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዛሬ ማታ ብትበር ምናልባት ትደርስ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ለአስቴርም ነገርኳት። አስቴር ግን አልሰማችኝም። ትኬት ቢጠፋስ? ብቻዋን እያለቀሰች አውሮፕላን ላይ? ከአዲስ አበባ ሐዋሳስ በምን ትደርሳለች? "እባክሽ እንዳትነግሪያት። በወጉ፣ በሰው መሀል ትስማው" ብላ ለመነችኝ።

የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ አባባ ዘውዱን ቀሰቀስኳቸው። እሳቸውም ከአስቴር ጋር ተስማሙ። ጉዞውን ብናስቀረው ትጠረጥራለች፤ ስለዚህ ሂዱ፣ ዓርብ ስትመለሱ አንቺ ቤት ትደር፣ ቅዳሜ ማለዳ ተሰብስበን መጥተን እናረዳታለን አሉኝ። ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት "አደራ፣ በደንብ ትብላ" አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት በጎ የሠራሁ መስሎኝ ነው፤ ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ።

ዩስተን ጣቢያ ስደርስ ሂሩት አዲስ ሰማያዊ ኮፍያ አድርጋ ቆማለች። ፊቷ ፈክቷል። ገና ሳልስማት "ጋሼ ጋ ደወልኩ፣ አያነሱም" አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አስቴርን አግኝቻታለሁ፣ ደህና ናቸው አልኳት። ከዚያ ወሬ ለማስቀየር ሁለት ሻይና ሁለት በቸኮሌት የተሞላ ዳቦ ገዛሁ። ለዚያ ውሃ ሻይ የተቀበሉኝን ዋጋ ብነግራችሁ ታዝናላችሁ። ዳቦዎቹን ሁለቱንም ለእሷ ሰጠኋት። ሳቀችና በላች።

ባቡሩ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። ከለንደን ወጥተን ሁለት ሰዓት ያህል ሜዳ ብቻ ነው፤ ከዚያ ድንጋይ አጥር፣ በግ፣ ደመና የተኛበት ኮረብታ ይመጣል። ግላስጎው ወርደን ሻንጣችንን እየጎተትን ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው በእግር ተሻገርንና የኦባንን ባቡር ያዝን። ይህኛው ባቡር ሁለት ፉርጎ ብቻ ነው፤ ቀስ እያለ በሐይቅና በጫካ መሀል ይጠማዘዛል። ሂሩት መስታወቱ ላይ ተለጥፋ "ጻፊው! ይህን ደግሞ ጻፊው!" ትለኛለች። እኔም ደብተሬን አውጥቼ "ጋሼ፣ ውሃው እንደ ሐዋሳ ሰፊ አይደለም፣ ቀጭንና ጥቁር ነው" ብዬ ጻፍኩ። ለሞቱ ሰው "ጋሼ" ብዬ ስጽፍ ፊደሉ ተጣመመብኝ። ባቡሩ ነው የሚያንገጫግጨኝ አልኳት።

ኦባን ወደብ ላይ ዓሣ ጥብስ ይሸታል፣ የባሕር ወፍ ከሰው እጅ ይነጥቃል። መርከባችን ድሮ ዓሣ አጥማጅ የነበረች የእንጨት መርከብ ናት፤ መንገደኛው አስራ አንድ ብቻ ነው። አስጎብኚያችን ፊዮና የምትባል ፀጉሯን ባጭሩ የተቆረጠች የደሴት ልጅ ናት። የጎማ የዋና ልብስ እያስለካች ወደ እኔ ስትመጣ እጄን አወዛወዝኩና ጸሐፊ ነኝ አልኳት።

ማክሰኞ

ይህ ገጽ ደብተሬ ላይ ባዶ ነው። ቀኑን ከላይ ጽፌ አንድ መስመር መቀጠል አቃተኝ። እራት ላይ ሂሩት "ጻፍሽ?" ስትለኝ "ጽፌያለሁ" አልኳት። ወደዚህ ቀን በኋላ እመለሳለሁ።

ረቡዕ፦ ቶበርሞሪና የወፎቹ ደሴት

ሌሊቱን መል በምትባለው ትልቅ ደሴት ላይ ቶበርሞሪ ከምትባል ከተማ አደርን፤ ጠዋት ስንነሳ በመስኮቱ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቤት ተደርድሮ ይታያል። ለሁለት ሰዓት ያህል እንድንዞር ተለቀቅን። ከኦባን ወዲህ ኔትወርክ በደንብ የያዘው እዚህ ብቻ ነበር። ሂሩት ስልኳን ስታወጣ እጇን ይዤ ቁርስ እንብላ አልኩ።

አንድ ነገር ላስረዳ። ሂሩት ስኳር በሽታ አለባት። እኔ ሆስፒታል ውስጥ የምሠራው በዚሁ ክፍል ስለሆነ አምስት ዓመት ሙሉ ዘበኛዋ ነኝ። ሰርግ ላይ ኬክ ከእጇ ነጥቄያለሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሁለተኛ ዳቦ ስታነሳ ከማዶ ጠረጴዛ ገርምሜያታለሁ። ቶበርሞሪ ላይ ግን ገንፎ የመሰለውን የአጃ ቁርስ አዘዝኩላት፣ ማር ጨመርኩበት፣ በጭስ የበሰለ ዓሣ አስከተልኩ፣ ከዚያ ተነስቼ ኬክ አመጣሁ። ስትጨርሰው ሌላ ቁራጭ ሳህኗ ላይ አኖርኩ። ቅዳሜን እያሰብኩ ነበር፤ ለቅሶ ከተጀመረ ማን ይበላል?

ኬኩን አየችው። ቀና ብላ እኔንም አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ሹካዋን አንስታ ቀስ ብላ ሁሉንም በላችው። ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እንደውልላቸው የሚል ቃል ከዚያ በኋላ ከአፏ አልወጣም። እኔ ጅሏ ተመስገን አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ላንጋ የምትባል ሰው የማይኖርባት ደሴት ላይ በጎማ ጀልባ አወረዱን። ድንጋይ ለድንጋይ ተንጠላጥለን ስንወጣ ገደሉ አፍ ላይ ሣር አለ፤ ሣሩ በጉድጓድ የተበሳሳ ነው፤ ከየጉድጓዱ ፓፊን የሚሉት ወፍ ይወጣል። ቁመቱ ከእርግብ ብዙ አይበልጥም፣ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ፣ አፉ በቀለም የተነከረ ነው። ሰው አይፈራም። እንዲያውም ፊዮና እንደነገረችን ሰው ሲመጣ ደስ ይለዋል፤ ጫጩቱን የሚሰርቁት ትልልቆቹ ወፎች ሰው ፈርተው ይሸሻሉና። አንዱ አፉን በትንንሽ ዓሣ ሞልቶ ከጫማዬ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አረፈና ወደ ጉድጓዱ ገባ።

ሌሎቹ ፎቶ ሲያነሱ ሂሩት ለብቻዋ ሄዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ገደሉ አጠገብ ተቀመጠች። ወፎቹ ዙሪያዋን ከበው ቆሙ። አንድ ሰዓት ሙሉ አልተንቀሳቀሰችም። ደክሟታል ብዬ አልጠራኋትም፤ ያየሁትን ለጋሼ መስፍን ጻፍኩ። ያን ቀን ብዙ ጻፍኩ፤ እሷ ግን እራት ላይ "ጻፍሽ?" አላለችኝም።

ሐሙስ፦ ኮል

ኮል የምትባለው ደሴት አጠገብ ባሕሩ ዘይት እንደፈሰሰበት ረግቶ ነበር። ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋ። መጀመሪያ ያየነው አንድ ጥቁር ክንፍ ነው፣ ከኋላው ሌላ። ሻርክ ነው ሲሉኝ የመርከቡን ብረት ጨምድጄ ያዝኩ። ርዝመቱ የአውቶቡስ ግማሽ ይሆናል። አፉን እንደ በር ከፍቶ ይዋኛል፤ የሚበላው ግን በዓይን የማይታይ የባሕር ትል ብቻ ነው፣ ሰው አይነካም። ለዚህ ሁሉ አካል ያ ምግብ እንዴት እንደሚበቃው እግዚአብሔር ይወቅ።

ሂሩት ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ገባች። ከላይ ሆኜ የሚታየኝ ቱቦዋና ጥቁር ጀርባዋ ብቻ ነው። ያ ግዙፍ ነገር ከሥሯ ሲያልፍ አልተንፈራገጠችም፤ እጇን ዘርግታ ተንሳፍፋ ቀረች። ሌሎቹ በርዷቸው ሲወጡ እሷ ቀረች። ፊዮና ሁለት ጊዜ ጠራቻት። ስትወጣ ዓይኖቿ ደም መስለዋል። "መነጽሩ ውሃ አስገባብኝ" አለች። አመንኳት።

ከምሳ በኋላ ፊዮና ገመድ እየጠቀለለች አጠገቤ ቆመችና ስለ ጓደኛዬ ጠየቀችኝ፤ ከማክሰኞ ወዲህ ተለውጣለች፣ አሟታል ወይ አለችኝ። አራት ቀን የተሸከምኩት ነገር ለማያውቁት ሰው ይቀላል መሰለኝ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ስለ መርዶ ነገርኳት፤ ሰው ብቻውን እንዳይሰማ፣ ጠግቦ፣ በማለዳ፣ በወዳጆቹ መሀል እንደሚረዳ አስረዳኋት። እናንተ በስልክ ነው የምትናገሩት፣ ጭካኔ ነው እስከማለት ደረስኩ።

ፊዮና አልተቆጣችም። አባቷ ባሕር ላይ ሲሞት እሷ መኪና እየነዳች ሳለ ነበር በስልክ የነገሯት፤ መንገድ ዳር አቁማ ብቻዋን ጮኸች። "ከባድ ነበር። የእናንተ ደግ ሳይሆን አይቀርም" አለችኝ። ገመዱን ጨረሰችና "ግን እነዚህ አራት ቀኖች የማን ናቸው? የአንቺ ናቸው ወይስ የእሷ?" ብላ ጠየቀችኝ።  ሄጄ ለሂሩት ልነግራት ተነሳሁ፤ የክፍላችን በር ድረስ ደረስኩ፤ ለአስቴር የገባሁት ቃል ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ቃል ነው ያልኩት ፍርሃት ነበር።

ዓርብ፦ ወደ ቤት

ጠዋት ኦባን ወረድን። ካፒቴኑ እጃችንን ጨበጠ፣ ፊዮና ሂሩትን አቀፈቻትና ቶሎ አልለቀቀቻትም። ሦስት ሰዓት ላይ ባቡር ያዝን፣ ግላስጎው ቀየርን። ግላስጎው ላይ በሥጋ የተሞላ ኬክ ነገር ገዝቼ ልሰጣት ስል እጄን በእጇ መለሰችው። እንግሊዝ ከገባን በኋላ ዝናቡ መስታወቱ ላይ በአግድም ይሮጥ ጀመር። ሂሩት ሰማያዊ ኮፍያዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ እያየች፣

"ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?" አለችኝ።

"እነማን?"

"እነ አባባ ዘውዱ።"

ክው አልኩ። 

"ስኳር አለብሽ እያልሽ አምስት ዓመት ዳቦ ከእጄ ስትነጥቂ ኖረሽ፣ ረቡዕ ሁለተኛ ኬክ አመጣሽልኝ" አለች፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። "እማዬ የሞተች ጊዜም እንዲሁ አበላችሁኝ። ያኔም ያጎረስሽኝ አንቺ ነሽ። ጋሼ ናቸው አይደል?"

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳት። ቀብሩን ጠየቀችኝ፤ ማክሰኞ፣ በአገር ቤት ዘጠኝ ሰዓት አልኳት። ሁለት ጣቷን አጠፈችና ከለንደን ሰዓት ጋር አስተያየችው። ሰባት ሰዓት።

"ሰኞ ማታ ብበር እደርስ ነበር?"

መዋሸት ይቻል ነበር። አራት ቀን ሙሉ ስዋሽ ነበር የሰነበትኩት።

"ምናልባት" አልኳት።

ፊቷን ወደ መስታወቱ መለሰች። እኔ አለቀስኩ፣ እሷ አላለቀሰችም። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት አሮጊት እንግሊዛዊት አንድ የወረቀት መሀረብ ሰጡኝ። ብዙ ጣቢያ ካለፍን በኋላ፣ ካወቀች ከረቡዕ ጀምሮ ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት።

"ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር። ካልጠየቅኩሽ ግን ጋሼ ገና አልሞቱም። ሦስት ቀን አቆየኋቸው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺን ለመቆጣት አሁን አቅም የለኝም፣ ጽጌ። ግን እቆጣሻለሁ፤ እወቂው።"

አውቀዋለሁ አልኳት። ደብተሩን እንድሰጣት እጇን ዘረጋች። ሰኞን አነበበች። ገልጣ ማክሰኞ ጋ ስትደርስ ቀኑ ብቻ አለ። ገጹን በመዳፏ ዳሰሰችውና መለሰችልኝ። ለንደን ልንገባ ስንል አንድ ነገር ብቻ አዘዘችኝ፤ ማወቋን ለማንም እንዳልናገር። አባባ ዘውዱ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው በማለዳ ከኬንቲሽ ታውን ሁለት አውቶቡስ ይዘው ነው የሚመጡት፤ በወጉ ይንገሩኝ አለች።

ቅዳሜና ከዚያ በኋላ

አስራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዘጠኝ ሰዎች ዊልስደን ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር፤ ጎረቤት እንዳይረበሽ ደወል ሳይደውሉ፣ በሩን በጣት እየነኩ። ሂሩት ቀድማ ተነስታ ለብሳ ተቀምጣለች። አባባ ዘውዱ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አጠገቧ ተቀመጡ፣ እጇን ያዙ፣ ጸለዩ፣ "ልጄ፣ ወንድምሽ መስፍን ጌታ ጋ ሄደዋል" አሏት።

ታስመስላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ያን ጩኸት ማንም ሊያስመስል አይችልም። ሦስት ቀን ሆዷ ውስጥ የተከመረው ባንድ ጊዜ ወጣ። ዘጠኙም ሰው ያዟት፤ ጀርባዋን ያሻሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ። በዚያች ሰዓት ወጋችን ለምን እንደተሠራ እንደገና ገባኝ፤ ብቻዋን መንገድ ዳር አልጮኸችም። ግን ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ፣ ገደል አፍ ላይ፣ ባቡር ውስጥ ብቻዋን እንደነበረች ከእኔ ሌላ ያወቀ አልነበረም። ብቻዋን ያደረግኳት እኔ ነኝ። ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው። ለልጆቼም ለእህቶቼም ተናግሬያለሁ፤ የእኔ ሰው ሲሞት የትም ብሆን፣ ባልበላም፣ ወዲያው ደውሉልኝ። ከዚያ ሰው ሰብስቡልኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ጋብ ሲል፣ ሂሩት ደብተሩን አምጪ አለችኝ። ማክሰኞን ገለጥኩ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። እንዲህ ይላል፦

"ጋሼ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጠዋት ዘነበ፣ ከዚያ አባራ። በጎማ ጀልባ ድንጋይ ብቻ ወደሆነች ትንሽ ደሴት ወሰዱን። ውሃው ሲነካኝ ትንፋሼ ቆመ፣ በኋላ ለመድኩት። ታች ምን እንዳለ ልንገርዎ። ከእኔ የሚረዝም ቡናማ የባሕር ሣር አለ፤ ነፋስ እንደሚያስተኛው የጤፍ ማሳ ባንድ ላይ ያጋድላል። በመሀሉ ብርሃን ይገባል። ሸርጣን አለ፣ እንደ ጣቴ የቀጠኑ ዓሦች አሉ። ድንጋዩ ላይ ደግሞ ስሙን በስብከት ስንሰማ የኖርነው አቆስጣ ተኝቷል፣ ፊቱ ውሻ የሚመስል ባለ ጸጉር የባሕር እንስሳ፤ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሰባት ሰዓት ላይ አንድ የአቆስጣ ግልገል ከኋላዬ መጥቶ የእግሬን መቅዘፊያ በጥርሱ ያዘኝ። ዞር ስል ዓይን ለዓይን ተያየን። ዓይኑ ትልቅና ጥቁር ነው። ሳቅኩ፤ በቱቦው ውስጥ ስለሳቅኩ ውሃ ገባብኝ። ብቅ ብዬ ጀልባው ላይ ለተቀመጠችው ለጽጌ እጄን አውለበለብኩና 'ጋሼ ይህን ባዩ!' አልኳት። አልመለሰችልኝም፤ ሰዓቷን ታይ ነበር። እርስዎን አፈር ሲያለብሱ እኔ እስቅ ነበር። አላወቅኩም ነበር፣ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።"

እዚህ ላይ አቆመች። ከእሷ ቃል በታች አንድ መስመር በራሴ ጨመርኩ፦ "እኔ ጽጌ አውቅ ነበር።"

ሂሩት ደብተሩን ወስዳ አነበበችው። ብዕሩንም ተቀበለችኝ። ጥቂት ይዛው ቆየችና አስቀመጠችው፤ መስመሩን አልሰረዘችውም።